የሳር ፍራሹን መልሼ ሞላሁት

ውድ ባለቤቴ ሀፍሷ፣

ይህን ደብዳቤ የምትሰጥሽ ከምትሠሪበት አገር ለሚሊኒየሙ በዓል መጥታ የነበረችው ካሚላ ናት። በስልክ ልነግርሽ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አቅቶኛል። ገና ሰላም ሳንባባል «ወገብህ እንዴት ነው? ስፖንጁ ተመቸህ?» ትይኛለሽ። እኔም በጣም ተመችቶኛል እላለሁ። አልተመቸኝም፣ ሀፍሷ።

አትቀየሚኝ። በመጀመሪያው ደሞዝሽ ለራስሽ ጫማ እንኳ ሳትገዢ ለእኔ ወገብ ብለሽ ያስገዛሽው ፍራሽ ነው። ቤት ሲገባ ጎረቤቱ ሁሉ በእጁ እየተጫነ አደነቀው። እኔም የሳር ፍራሻችን አሳፍሮኝ ጭዱን አራግፌ ጣልኩት። ከዚያ ስፖንጁ መሃሉ ሰመጠ፤ እኔም አብሬው ሰመጥኩ። ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ይዤ ነበር የምነሳው። ምን አለሽ ተራ ቁጭ ብዬ ምድጃ መቀጥቀጡ ቀርቶ ሶላቴንም ወንበር ላይ ሆኜ መስገድ ጀመርኩ። ወጌሻ አሸኝ፣ መርፌ ተወጋሁ፣ ሰናፍጭ ተቀባሁ። ሲመሽ ደግሞ ተመልሼ እዚያው ስፖንጅ ላይ ነኝ።

የዳንኩት ለቅሶ ቤት ነው ብልሽ ትስቂያለሽ። ጎረቤታችን ጋሼ ሀብተ ወልድ አረፉ። ከእድርተኛው ጋር ላስተዛዝን እዚያው አደርኩ። መሬት ላይ ጭድ ጎዝጉዘው ሰሌን አንጥፈውልን ነበር። ነገ በቃሬዛ ነው የምወጣው ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ምንም ሳልይዝ ተነሳሁ። አላመንኩም፤ ተመልሼ ቁጭ አልኩና ደግሜ ብድግ አልኩ። ደስታዬ ፊቴ ላይ ወጥቶ ኖሮ ሚስታቸው እትዬ አልጋነሽ እያለቀሱ አዩኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እያፈርኩ የወገቤን ነገር ነገርኳቸው። እንባቸውን ጠረግ አደረጉና፣

«እሰይ፤ ከዚህ ቤት ዛሬ አንድ ደግ ነገር ወጣ። በል ለሚስትህ ንገራት። በሽተኛ አለኝ እያለች በሰው አገር እንዳትቀር» አሉኝ።

የሳር ፍራሹን ጨርቅ አልጣልኩትም ነበር። ለሠርጋችን በእጅሽ የሰፋሽውን፣ ጭዱን ካራገፍኩ ወዲህ ቆርቆሮ እሸፍንበት ጀምሬ ነበር። አጥቤ ጭድ ተራ ወሰድኩና ሞላሁት፤ አሁን መሬት ላይ አንጥፌ እተኛበታለሁ። ብርድ ሲሆን አልፎ አልፎ ይቆረጥመኛል፤ አልዋሽሽም። ግን ሥራዬ ላይ ነኝ፤ ስሰግድም ግንባሬ መሬት ይነካል፣ አልሐምዱሊላህ።

ባለፈው ስትደውዪ፣ ወገብህ እስኪድን ኮንትራቱን ላድስ ብለሽኝ ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺታ እንዳታደርጊው። አታድሺ። እየሠራሁ ነው፣ አንቸገርም። ናፍቀሽኛል ሀፍሷ። ሲያመኝ እንቅልፍ የሚነሳኝ ወገቤ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሕመሙ ቀሎልኝም ወደ አንቺ ጎን ዞሬ እነቃለሁ።

ስፖንጁን በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ ይተኛበት። የሳር ፍራሹን አፍ ግን በሽቦ ነው ያሰርኩት፤ የእኔ እጅ ከቆርቆሮ ሌላ ምን ያውቃል። ውስጡ ያለው ጭድም ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ነው። ስትመጪ የጎደለውን አብረን እንሞላና አንቺ በመርፌ ትሰፊዋለሽ። መርፌሽ መጋረጃው ላይ እንደሰካሽው አለ።

የሚጠብቅሽ፣
ሙናዊር