ከጤና አዳሙ ሥር የተገኘው ወፍጮ

ውዴ ሸምሱ፣

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው። አላህ ማረፊያህን ያሳምረው፤ እኛ ደህና ነን። የፕላስቲክ ሱቄ ከቆርቆሮው ወጥቶ መሳለሚያ በኩል ያለ አዲስ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ገብቷል። መጀመሪያ ደንበኛ ደረጃውን እያየ ይመለስ ነበር፤ ባልዲዎቹን በየቀለማቸው መስኮቱ ላይ ስሰቅላቸው መውጣት ጀመረ። ልጃችን ሀናንም ትምህርቷን ጨርሳ ሱቁን አብራኝ ይዛለች። ከእኔ ብሳ ቆጣቢ ናትና አልሰጋም።

የምጽፍልህ ግን ስለ ገበያ አይደለም፤ ስለዚያ ሳጥንህ ነው። ከመስታወት ሥራህ የተረፈውን ቁርጥራጭ በሲሊኮን አጣብቀህ ሠርተኸው፣ ከሥሩ አሸዋ አንጥፈህ፣ በሆለታ መንገድ ካለው ኩሬ በሃይላንድ እየቀዳህ ስትሞላው፣ ዓሣ እንኳ የለበትም ብዬ ስንቴ ሳቅሁብህ! አንተ ከምናለሽ ተራ ያመጣኸውን አሮጌ ማይክሮስኮፕ መስኮቱ ሥር ታደርግና አንዲት ጠብታ ታሳየኛለህ። በውስጧ የሚርመሰመሱትን ጥቃቅን ፍጥረታት ስም በእኔ በነጋዴዋ ቋንቋ ነበር የምትነግረኝ። አንድ ቦታ የማይቆመው፣ ሁሉን እየገፋ የሚያልፈው ደላላው። ልጆቿን አዝላ እየዘለለች የምትዋኘው እናትዬው። ጭንቅላቱ ላይ ሁለት ጎማ የሚዞር የሚመስለው ደግሞ ወፍጮው። አንተ ከሁሉ የምትወደው ወፍጮውን ነበር።

አንተ በተቀበርክ ዕለት የዕድሩ ሴቶች ቤቱን ተረከቡት። ለቅሶኛ ሳይገባ ቤት መጽዳት አለበት። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ሳጥኑን አይታ፣ «ምስኪን፣ በአስታማሚነት ስትባዝን ውሃው እንዲህ አረንጓዴ ሆነባት» ብላ ደፋችው። በሳሙና ፈትጋ አጥባ ንጹሕ የቧንቧ ውሃ ሞላችበት። ሰው ቀለል ሲል ነው ያየሁት፤ እንደ ሱቅ መስኮት ያብረቀርቃል። ምን እላታለሁ? ለእኔ ስትል እጇ የተላጠ ሴት ናት። አመሰገንኳት። ግን ሸምሱዬ፣ በእጅህ ካኖርከው ሁሉ ከአንተ በኋላ ነፍስ የነበረው እሱ ብቻ ነበር።

ያኔ የባል ሐዘን ወራቴ፣ ዒዳዬ ላይ ስለነበርኩ ከቤት አልወጣም ነበር። ነጋዴ ወራት ሙሉ ቤት ሲውል እንዴት እንደሚሆን አስበው! ሀናን ሱቅ ትውላለች፣ እኔ ባዶ ሳጥን ሳይ እውላለሁ። አንድ ቀን ግን እንደ ሥራዬ አሰብኩት። ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠየቀው የት እንደተራገፈ ነው። እትዬ ዘነበችን ጠርቼ ከሥሩ የነበረውን አሸዋ የት እንዳደረሰችው ጠየቅኋት።

«ጤና አዳሙ ላይ ነዋ! አሸዋ ደግሞ ይጣላል እንዴ?» አለችኝ።

ደጃፍ ካለው ጣሳ ውስጥ፣ ውሃ ያጣው ጤና አዳም ሥር፣ ደርቆ ተጋግሯል። ኩሬው የደረቀ ጊዜ የተሰነጠቀ ጭቃ በመሐረብ ቋጥረህ መምጣትህ ያኔ ትዝ አለኝ። «ጭቃ የሚሸምት ባል ሰጠኝ» ብልህ፣ «እነዚህ ሲደርቁ አይሞቱም ሉባባ፤ ሱቃቸውን ዘግተው ዝናብ ነው የሚጠብቁት» አልከኝ።

አሸዋውን ጭሬ ወሰድኩ። የቧንቧው ውሃ መድኃኒቱ እንዲወጣለት በባልዲ ክፍቱን አሳደርኩት፤ አንተ እንደምታደርገው። ሳጥኑን ሞልቼ ብርሃን አጠገብ አኖርኩት። በየቀኑ ጠብታ አያለሁ፤ አሸዋ ብቻ ነው። ሀናን፣ «እማ፣ በቃ ተዪው» ትለኛለች። ለካ ፈርታልኛለች። «አይዞሽ፣ ከባሰብኝ አማኑኤል ሆስፒታል ቅርብ ነው፣ በእግሬ እሄዳለሁ» አልኳት።

አንድ ጠዋት ግን ጠብታዋ ውስጥ የሆነ ነገር ተኮማትሮ ተዘረጋ። እግሩን አሸዋው ላይ ተከለ። ጎማዎቹ ዞሩ። ወፍጮው!

ጩኸቴን ብትሰማ! ጎረቤቱ ሌላ ሰው የሞተ መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ፤ እትዬ ዘነበች ከፊት። ማይክሮስኮፑን ሳሳያት መጀመሪያ የገዛ ሽፋሽፍቷን አይታ «አቤት ሲያስፈራ!» አለች። በኋላ ወፍጮውን ስታገኘው፣ «በስመ አብ! ይሄን ሁሉ ነፍስ ነው ቱቦ ውስጥ የደፋሁት?» ስትል ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሁሉ ሳቀ። እኔም ከሄድክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅሁ።

አሁን ሳጥኑ እንደ ድሮው አረንጓዴ ነው። ደላላውም ተመልሷል፤ ደላላ መቼ ይጠፋል! እናትዬው ግን እስካሁን አልመጣችም። ስለዚህ እሑድ እኔ፣ ሀናንና እትዬ ዘነበች ወደ ኩሬው እንሄዳለን። አንድ ሃይላንድ ይበቃል ብላት እትዬ ዘነበች ጀሪካን አዘጋጅታለች። የደፋሁትን ሳልመልስ አልቀርም ትላለች።

ሸምሱዬ፣ አልረሳህም ብዬ አልምልልህም። መርካቶ የዋለ ሰው ምሳውንም ይረሳል። እኔ ግን ሥራ ረስቼ አላውቅምና አንተን ማስታወሱን ሥራ አድርጌዋለሁ። በየጠዋቱ ሱቅ ከመሄዴ በፊት ቢስሚላህ ብዬ አንድ ጠብታ አስቀምጣለሁ፤ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ወፍጮው ሲዞር አያለሁ። እኔ እስካለሁ ድረስ ያ ወፍጮ ሥራ አይፈታም።

ያንተዋ ሉባባ