ለኪቢዎት የተቀመጠው እርጎ

ይድረስ ለወንድሜ ለኪቢዎት፤ ያለፉት ደብዳቤዎቼ ባያገኙህም ይሄ እንኳ በሰላም ያግኝህ። ለመሆኑ እጅህ ምን ነክቶት ነው ሁለት መስመር የከበደህ? እኛ ደህና ነን፤ በቆሎውም አምሯል።

እማማን ያ ግማሽ ራሷን የሚፈልጣት ማይግሬን ብሶባት ኤልዶሬት ከተማ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ፣ «የአንጀት ባክቴሪያ ከዚህ ሕመም ጋር ሳይያያዝ አይቀርም፤ ገና እየተጠና ነው። ኪኒኗን ሳታቋርጥ እርጎም ትሞክር፤ ምናልባት ይረዳት ይሆናል» አለን። ገና ከበሩ ሳንወጣ፣ «ራሴን አመመኝ ብለው ሆዴን ይለኛል! ማነው ይሄን ልጅ ያስተማረው?» ብላ አሳቀችኝ።

ላሟ ነጥፋ ስለነበር ቤት ያለው እርጎ፣ ስትመጣ በር ላይ ልትቀበልህበት ቅሉን በከሰል አጥና ያስቀመጠችልህ ብቻ ነበር። ላሟ ሳትነጥፍ፣ ሲቆይባት እየቀየረች ስንት ጊዜ እንደሞላችው! «ከሱ ቅመሺ» ስላት፣ «የኪቢዎትን? እጅሽን ሰብስቢ!» ትለኛለች።

በዚያው ሰሞን አብሮህ ኳታር የሄደው የጎረቤታችን ልጅ ኪማይዮ ተመለሰ። እማማ ስላንተ ጠየቀችው። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ፖሊሶች ከሥራ ቦታ ከወሰዱት ወዲህ አላየሁትም» አላት። እሱ እንደወጣ ቅሉን አውርዳ ከፈተችና እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

ደስ ይበልህ፣ ራሷን ቀለል ብሏታል፤ ኪኒኑ ይሁን እርጎው እንጃ። ላሟም ወልዳ ወተት ተርፎናል። ቅልህን ግን አጥባ ደፍታዋለች፤ «መልሰሽ ሙዪው» አላለችኝም።

እማማም ሰላም ትልሃለች ብዬ ልዘጋ ነበር፤ ስምህን ካነሳች ግን ቆየች።

እህትህ ጄሮቲች