ፈረስ ስለበላው የልጆች «ጠፍቶ መገኛ»

ሱሉልታ፣ ጥር ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለክቡር ፊታውራሪ ወርቁ፣ ለትምህርት ቤታችን የበላይ ጠባቂ፤

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ ከነአሽከሮችዎ፣ በተለይም ለጥምቀት ጉግስ ከመጡት እንግዶችዎ ፈረሶች ጋር እንደምን ሰንብተዋል? የፈረሶቹን ጤና አጥብቄ የምጠይቀው ሆዳቸው ውስጥ ያለው የእኛ ስለሆነ ነው። እኛ፣ አምላክ ይመስገን፣ ከድርቆሻችን በቀር የጎደለብን የለም።

ጉዳይ ስለሚበዛብዎ ላስታውስዎ። አምና የኦቦ ቦጂያ ልጅ ድብብቆሽ ሲጫወት ድርቆሽ ክምር ውስጥ ገብቶ ክምሩ ተናደበት፤ ትንፋሹ ሊቆም ሲል በእግሩ ጎትተን አወጣነው። ስለዚህ ዘንድሮ ልጆቹ ሳይታፈኑ የሚደበቁበት ጥምዝምዝ መንገድ በድርቆሽ እስር ሠራንላቸው፤ እነርሱም «ጠፍቶ መገኛ» አሉት። ግድግዳው ከአዋቂ ደረት አያልፍም፣ ጣሪያ የለውም፣ እስሮቹ እንደ ጡብ ተያይዘው የተነባበሩ ናቸው፣ በየማዕዘኑም መውጫ አለው።

ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ/ ገበሬዎቹ ድርቆሻቸውን እስከ መጋቢት ለማዋስ ሲያመነቱ፣ ክቡርነትዎ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመው «ንጉሥ ይሙት፣ አንዲት እስር የሚነካ የለም» ብለው ስለማሉልን እናመሰግናለን። ኦቦ ነገሳ የላሞቹን ቀለብ አውጥቶ የሰጠን «ፊታውራሪ ከማሉማ ምን ቀረ!» ብሎ ነው። በምረቃው ዕለትም ካባዎን አውልቀው ገብተው መውጫው ሲጠፋብዎ፣ ልጆቹ እጅዎን ይዘው ሲያወጡዎት ከልብዎ ስቀዋል። እኔ ሞኙ ያንን ሳቅ አምኜ ነበር።

፪ኛ/ በከተራ ማለዳ በቅሎዎች አስነድተው መጥተው፣ ልጆቹ ገና ውስጥ እያሉ ከግድግዳው መካከል እስሮች ስላስመዘዙ እናመሰግናለን። ግድግዳው ልጆቹ ላይ ሲወድቅ ከጭረት በቀር ጉዳት ያልደረሰው ዝቅ ተደርጎ በመሠራቱ ነው። እርስዎ ግን በምረቃው ዕለት «ምነው አጠረ?» ብለውን ነበር።

፫ኛ/ ይህኛው ምስጋና ይከብደኛል። አያንቱ የምትባል የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከድርቆሹ ሥር ወጥታ «በንጉሥ አምላክ!» ብላ ጮኸች። በዚህ ቃል የተጠራ ሰው፣ ጠሪው ሕፃን ቢሆን እንኳ፣ ካለበት ንቅንቅ እንደማይል ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አሽከሮችዎ ሸክማቸውን እንዳንጠለጠሉ ቀጥ አሉ። ክቡርነትዎ ከበቅሎዎ ሳይወርዱ «ምን ይገትርሃል፣ ጫን!» አሉ። እርስዎ የማሉበት ንጉሥና ልጅቱ የጠራችው ንጉሥ አንድ መሆናቸውን ያውቃሉ ብዬ እገምታለሁ። አያንቱ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ከድርቆሹ ሁሉ ይልቅ ያዘንኩት በዚህ ነው።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ሰምቼ ነበር። ቀለባችንን በልቶ እንደሚጥል ያስተማሩን ግን ክቡርነትዎ ነዎት።

አሁን ልጆቹ ወደ ክምር ተመልሰዋል። በአገሩ ትልቁ የድርቆሽ ክምር ደግሞ በግቢዎ ያለው፣ የእኛው ነው። እባክዎ ዙሪያውን በአጥር ያስከብቡልን፤ አንዱ ልጅ ታፍኖ ሲሞት ለለቅሶ መጥተው እንዳይደክሙብን።

የቃልዎን ክብደት ከድርቆሽ እስር ጋር ያስተያየው፣ ውለታዎን እስከ ዕለተ ሞቱ የማይረሳው፣

መምህር ወንዳፍራሽ

ማሳሰቢያ፦ ልጆቹ አዲስ ጨዋታ አውጥተዋል። አንዱ «በንጉሥ አምላክ!» ሲል ሁሉም ቀጥ ብሎ ይቆማል። እንዲሮጥ የሚፈቀድለት አንድ ልጅ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም «ፊታውራሪ» ይባላል። ትናንት «ፊታውራሪ» የመሆን ተራው የልጅ ልጅዎ የትንሿ ተረፈች ነበር። ቃሉ ሲጠራ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ከሌሎቹ ጋር ቀጥ ብላ ቆመች።