አሪየት መራብን ስትማር

ሰኞ

ዛሬም አልጠባችም። ጡቴን አፏ ላይ አድርጌ ብጠብቅ ከንፈሯን ትንሽ አነቃነቀችና ተኛች። አኩርፋኝ ይሆን? ወተቱን አልቤ እንደ ልማዳችን በአፍንጫዋ በገባው ቱቦ ሰጠኋት። በራሷ ካልጠባች ቱቦው አይወጣም፤ ቱቦው ካልወጣ ደግሞ ወደ ቤት የለም። ጭንቀቴ ይኸው ነው።

ያለ ጊዜዋ ነው የመጣችው። እኔ ሥራዬ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ መመዘን ነው። ከመንገደኛ ጋር ስጨቃጨቅ የኖርኩት ኪሎው በዛ እያልኩ ነው። አሁን ሚዛን ፊት ቆሜ ትንሽ ይብዛልኝ እያልኩ እለምናለሁ። ልጄ የእጅ ሻንጣ እንኳ አታክልም።

አማቴ "ልጅቷ አይርባትም እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። ሰው እንዴት አይርበውም? እኔ ከወለድኩ ወዲህ በሬ ቢሰጡኝ እጨርሳለሁ።

ማክሰኞ

ሙቀቱ አይጣል ነው። በዚህ ሙቀት ልጅን ደረት ላይ ለጥፎ መዋል ካንጋሮ ይባላል። ስሙን ያወጣው ሰው ጋምቤላን አያውቃትም። ላቤ እላይዋ ላይ ይወርዳል፣ እሷ ተመችቷት ትተኛለች። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ሲቆም አማቴ በአኙዋክ ቋንቋ እየዘመሩ በካርቶን አራገቡልን። እኝህ ሴትዮ ባይኖሩ ምን እሆን ነበር።

የክፍላችን ሐኪም ዶክተር ኛኮት ሕፃናቱን እያየች ስትዞር የአማቴን ጥያቄ አነሣሁላት። እዚሁ ክልላችን ኢታንግ ያደገች ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። ክፍሉ ሙሉ ሆኖ፣ ሰው እየጠራት፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ የጓንት ካርቶን ላይ የሕፃን ጭንቅላት ሣለችልኝ። እታች በኩል ባቄላ የምታህል ነጥብ አደረገች። ራበኝ የሚለው ትእዛዝ የሚወጣው ከዚህ ነው አለች። እዚያ ያሉት ነርቮች ጥቃቅን መልእክተኞች ይላላካሉ፤ ገሚሱ ብዪ ይላል፣ ገሚሱ በቃሽ። ኒውሮፔፕታይድ ነው የሚባሉት። እስክይዘው ድረስ አስደገምኳት።

የገረመኝ ሌላው ነው። መልእክተኞቹ የሚበላ ነገር ሳይኖር፣ ገና ማህፀን ውስጥ እያለን አሉ። ረሃብን ከማወጅ በፊት አንጎሉ ራሱ ሲሠራ የሚያግዙ ይመስላል፤ ነርቮቹ እንዲያድጉ፣ እርስ በርስ እንዲገናኙ። አይጥ ይህን ሥራ በአብዛኛው ከተወለደች በኋላ ነው የምትሠራው። የሰው ልጅ ግን ብዙውን እናቱ ሆድ ውስጥ ይጨርሳል። አሪየት ሳትጨርስ ወጣች።

"እና አሁን?" አልኳት።

"አሁንማ ደረትሽ ላይ ሆና እየጨረሰች ነው።"

እኔ ደግሞ ዝም ብላ የምትተኛ መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ጭንቅላቷን ሳይ ዋልኩ። በመዳፌ ይሸፈናል። እርግብግቢቷ ከፍ ዝቅ ይላል። እዚያ ሥር ማንም ሳያዛት ስንት ነገር እየተዘረጋ እንደሆነ ሳስበው አፌን ይዤ ቀረሁ። እግዚአብሔር ሲሠራ እንዲህ ነው።

ከዚያ ደግሞ ጭንቀት መጣ። ነፍሰ ጡር እያለሁ ምሳ እየዘለልኩ ነበር የምሠራው። አጉድዬባት ይሆን? ዶክተር አላባበለችኝም። ከዚህ ብዙው የታወቀው በእንስሳት ነው፣ ስለ ሰው የማናውቀው ይበልጣል፤ ስለዚህ ባልታወቀ ነገር ራስሽን አትክሰሺ አለችኝ። አላውቅም የሚል ሐኪም ደስ ይለኛል።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ሰዓቷን ጠብቄ የማጠባት በማንቂያ ደወል ነው፤ አንድም ጊዜ አሳልፌባት አላውቅም። ዶክተር ሳቀች። "የአሪየት እናት፣ የሚርበው ስልክሽ ነው ልጅሽ?"

እውነቷን ነው። ሊርባት ሲል ቀድሜ እየሞላኋት መቼ ይራባት? ዶክተር እንዳለችው አሁን ጠንክራለችና ከነገ ጀምሮ በደወል ሳይሆን ልጅቷን እያየሁ ነው የማጠባት። እጇን ወደ አፏ ከወሰደች፣ ምላሷን ካወጣች፣ ፊቷን ወደ ጡት ካዞረች፣ ያኔ። ካልሆነ ነርሷ በቱቦ ትሰጣታለች። ደወሉን ሳጠፋ ፈራሁ።

ሐሙስ

ጠበቅኩ። ምንም። ነርሷ በቱቦ ሰጠቻት። ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ እንጃ። ባለቤቴ ያለው ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ነው፣ የውሃ ቦቴ ይነዳል። ደውሎ "ምን አለች?" ሲለኝ "ከፈለግህ ራስህ መጥተህ ጠይቃት" ብዬ ዘጋሁበት። ምን አጠፋ እሱ።

አማቴ ሰሙኝና "ገና መምጣቷ ነው። እንግዳ ናት። እንግዳ ወዲያው ምግብ አምጡ ይላል?" አሉኝ። ሳልወድ ሳቅኩ። መልሼም ደወልኩለት።

ከሰዓት ምላሷን አወጣች። ጡቴን ስሰጣት ሳብ፣ ሳብ አደረገችና ተኛች። የጠባችው ትንሽ ነው፣ ግን ራሷ ጠይቃ ነው።

እሁድ

ሁለት ቀን አልጻፍኩም፣ ደክሞኝ። አንዴ ትጠባለች፣ አንዴ ትተኛለች፤ ቱቦው እንዳለ ነው።

ዛሬ አማቴ ቤተ ክርስቲያን ሄደው፣ እኔ ብርጭቆ ሳጥብ ሕፃን አለቀሰ። የጎረቤት አልጋ መስሎኝ ማጠቤን ቀጠልኩ። አጠገባችን ያለችው እናት "ኧረ ያንቺ ናት" አለችኝ። የራሴን ልጅ ድምፅ አላውቀውም ነበር። የኛ አልቅሳ አታውቅማ።

ሮጥኩ። ፊቷ ቀልቷል፣ ጡጫዋን አፏ ውስጥ ከታለች። የተቆጣች ሴትዮ። ጡቴን ያዘች፣ ደግሞ አያያዟ! እሷ ስትውጥ እኔ አለቀስኩ። ስትለቀኝ አላስቻለኝም፣ ትንሽ ትጨምር ብዬ መልሼ አፏ ላይ አደረግኩ። ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ፊቷን አዞረችብኝ። በቃኝ ማለቷ ነው። በዚህች ቁመቷ እምቢ አለችኝ፤ ኮራሁባት።

ማክሰኞ

ትናንትም ዛሬም እየጠራችኝ ስትጠባ ዋለች። ዶክተር ኛኮት መጥታ አየቻትና ቱቦውን ከነፕላስተሩ አወጣችው። ጉንጯ ላይ የፕላስተሩ ምልክት ቀርቷል።

"ነገ ብትረሳስ?" አልኳት።

"ጥቂት ቀን እዚሁ እናያታለን። ከረሳች እንመልሰዋለን።"

አትረሳም አላለችኝም። ልቤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አላረፈም።

አማቴ ለአባቷ ፎቶ አንሺያት አሉኝ፤ ስልኬን ደቀንኩና መልሼ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ራሴ አየኋት። ከተወለደች ጀምሮ ሙሉ ፊቷን ሳይ ገና ዛሬ ነው። አፍንጫዋ ቁርጥ የአባቷ ነው ለካ። ቱቦው ይዞት እስከ ዛሬ አላየሁትም ነበር።