የላክሽው ዳሊያና የእኔ ካሮት

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቅምት 3 ቀን

ለምወድሽ ለትንሿ እህቴ፣

እንዴት ከረምሽ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ጽሑፌ የተንጋደደውም ከደስታ ብዛት ቁጭ ብዬ መጻፍ አቅቶኝ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ገና ሳልጀምር «ቸኩያለሁ» ትያለሽ። ደብዳቤ ግን አያቋርጠኝም፤ አረፍ ብለሽ አንብቢ።

በመጀመሪያ ስለ አበባሽ ልንገርሽ። ሰኔ ላይ ያ ካርቶን ሲመጣ ጫማ መስሎኝ ነበር። ስከፍተው አምስት የተጨማደዱ ሥሮች ሰጋቱራ ውስጥ ተጋድመዋል። አብሮ የመጣውን ወረቀት ማን ያነብበዋል? ስኳር ድንች ነው ብዬ «እኛ ዘንድ ስኳር ድንች የጠፋ መስሏት ይሆን?» እያልኩ ሁለቱን አጥቤ ቀቀልኳቸው። ቀመስኩትም! እርጥብ ካርቶን ላይ ትንሽ ሳሙና ብትቀቢበት ልክ እንደዚያ ነው። ከዚያ ወረቀቱን ባየው «ዳሊያ፣ የጌጥ አበባ» ይላል። ድስቱን እንደያዝኩ በሳቅ ወደቅሁ። ለመብል የማይሆን ሥር ምን ሊያደርግ አፈር ውስጥ ይገባል?

አባባ ያኔ እንዴት እንደነበሩ ታውቂያለሽ። እማማ ካረፈች ወዲህ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተው ቀሩ። ሳህኑ ሞልቶ ይገባል፣ ሞልቶ ይወጣል። ወንድማችን ዳይሬክተሩም (ዳይሬክተር ያልነው እኛ ነን፣ መሥሪያ ቤቱማ እስካሁን አላለውም) ውሳኔውን አሳልፎ ነበር። «እስከ መስከረም መጨረሻ ካልተነሱ እኔ ጋ ይሄዳሉ፤ ቤቱም ይከራያል» ብሎ ጨረሰ። እሱ ጋ ማለት አራተኛ ፎቅ ነው፤ መስኮቱ ሲከፈት የሚታየው የሌላ ሕንፃ ግድግዳ ነው። አባባ እዚያ ክፍል ውስጥ ስንት ወር እንደሚቆዩ እኔም አውቃለሁ፣ አንቺም ታውቂያለሽ።

እና እኔ ኩሽና ውስጥ ስስቅ፣ ከመኝታ ቤት ድምፅ መጣ።

«ምን ያስቅሻል?»

«ልጅዎ የላከችልዎትን አበባ ቀቅዬ በላሁት!» አልኩ።

ከዚያ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። አባባ በፒጃማ ኩሽናው በር ላይ ቆመዋል!

«ካርቶኑ ላይ የማን ስም ነው ያለው?»

«የእርስዎ።»

«ታዲያ በማን ፈቃድ ነው የቀቀልሽው?»

ሦስቱን የተረፉትን በሁለት እጃቸው አቅፈው ሄዱ። በማግሥቱ ከአልጋ ሥር ሜትራቸውን፣ ሲባጎአቸውንና ችንካራቸውን አወጡ። አርባ ዓመት የሰው መሬት የቀየሰ ሰው ለእኔ ሊመለስልኝ ነው? ፀሐይ የሚያገኘው መሬታችን በውኃ ታንከሩና በአጥሩ መካከል ያለው ያ ቁራጭ ብቻ ነው፤ ሙሉውን ካሮት ልዘራበት አስቤ ነበር። መሐሉን በሲባጎ ሰነጠቁት።

«ከዚህ ወዲህ የእኔ፣ ከዚያ ወዲያ ያንቺ። ካሮትሽ ድንበር ከገፋ እነቅለዋለሁ።»

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን አየኋቸው፤ የዓይን ምስክር ነኝ። ካሮት ትዘሪዋለሽ፣ ታሳሺዋለሽ፣ ከዚያ ሥራውን መሬት ውስጥ ዝም ብሎ ይሠራል። ደግፉኝ አይል፣ እዩኝ አይል። ያቺ እመቤት ዳሊያ ግን! አንዷ በሰበሰች። አንዷን ቀንድ አውጣ በላት፤ እኔ ያልቻልኩትን መብላቱን አደንቅለታለሁ። የቀረችው አንዲቷ ደግሞ እንጨት ካልተተከለላት ቀጥ ብላ መቆም አትችልም። አባባ በምን አሰሯት ብትዪኝ፣ ለጡረታ ሽኝታቸው በገዙት ከረባት! በረዶ የጣለ ቀን ጃንጥላ ይዘው አጠገቧ ቆመው እሳቸው ራሳቸው በሰበሱ። ቅጠሏ የጎመን ያህል ሰፍቶ ጎመን እንኳ አልሆነም። እኔ ብሆን ሦስት ወር ውኃ ጠጥቼ ምንም ካላፈራሁ አፍር ነበር።

ካሮቴ ደረሰልሽ። እርግጥ አጠር አጠር ብሏል፣ አውራ ጣት ያህል ነው። እርግጥ ጠጠር አግኝቶት አንዳንዱ እግር አውጥቷል፤ አንዱማ ሱሪ ቢያለብሱት ቢሮ ይገባል። ግን ሾርባ ሠራሁበት፣ አባባ ሁለት ሳህን ጠረጉ! ሁለት! ሮጬ ለጎረቤታችን ለነርሷ ነገርኳት።

«ካሮቴ አስበላቸው» ስላት፣

«ከጠዋት ጀምሮ አበባ ሲጠብቅ ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ድንጋይም ይበላል» አለችኝ።

ነርስ ስለ ካሮት ምን ታውቃለች?

አሁን ወደ ደስታዬ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ዳይሬክተሩ ቀነ ገደቡን አክብሮ ባዶ ሻንጣ እየጎተተ መጣ። ጫማው ያበራል። አባባ ቁጢጥ ብለው እመቤቲቱን እያዩ ነው፤ አናቷ ላይ አንዲት እንቡጥ አውጥታ ነበር፣ እንደ ሕፃን ጡጫ ድርቅ ብላ የተጨበጠች።

«አባባ፣ ዕቃዎን እናሰናዳ?»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«ምን ሥራ?»

«ቀለሟን ሳላይ የትም አልሄድም። ወረቀቱ ላይ አልጻፉትም።»

«እኔ ጋ በረንዳ ላይ የምናስቀምጠው የተከፈተ አበባ እንገዛልዎታለን እኮ።»

«የተከፈተውንማ ምኑን እጠብቀዋለሁ? ይልቅ ከድንበሬ ላይ ውረድልኝ!»

ለካ በዚያ በሚያበራ ጫማው ሲባጎው ላይ ቆሟል። ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አድርገሻቸው ነው?»

«ካሮት አብልቻቸው ነዋ!» አልኩት። «ወንድሜ፣ ሰውዬው ቆመው እየተቆጡ ነው። ከዚህ በላይ ምን መነሣት ትፈልጋለህ?»

ሻንጣው ባዶውን እንዳይመለስ አንድ እስር ካሮት ጨመርኩለት፤ የሞተ አይጥ እንደሰጠሁት ነው ያየኝ። የኪራይ ወሬውንም ይዞ ሄደ። አባባ እዚሁ ናቸው! ካሮት አሸነፈ እልሻለሁ፣ ሌላ የሚልሽ ካለ ውሸቱን ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። እንቡጧ እስከ ዛሬ አልተከፈተችም፤ እንዲህ ያለ ግብዝ አይቼ አላውቅም። አባባ ጠዋት ጠዋት ሳይታጠቡ ይወጡና አይተዋት ይመለሳሉ። እሳቸው «ቀይ ናት» ይላሉ፣ እኔ «የታመመ ሰው ዓይን የመሰለ ቢጫ ናት» እላለሁ፤ ቁርስ ላይ የምንጨቃጨቀው ይሄንኑ ነው። ትናንት «እህትሽን ጠይቂልኝ» አሉኝ። ይሄን ደብዳቤ የጀመርኩትም ቀለሟን ልጠይቅሽ ነበር።

አሁን በመስኮት እያየኋቸው ነው። ወንበራቸውን አውጥተው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው እሷን እየጠበቁ ተቀምጠዋል። ስለዚህ ቀለሟን አትንገሪን። በስልክ ቢጠይቁሽም «ረሳሁት» በዪ። ለእኔም እንዳትነግሪኝ፣ አፌን ታውቂዋለሽ። ይቺ አንዴ ከተከፈተች በቀናት ውስጥ ትረግፋለች አሉ፤ ከእንዲህ ያለ ፍጥረት ሌላ ምን ይጠበቃል? እና ሌላ ላኪ። ከካሮቴ ግማሽ ሜትር ለቅቄአለሁ፤ ለአበባ ፍቅር አድሮብኝ እንዳይመስልሽ። ስትገዢ ሻጩን ደህና አድርገሽ ጠይቂው፤ ካሉት ሁሉ ዘግይቶ የሚከፈተውን ይስጥሽ።

እግርሽ ከእንቅፋት፣ ልብሽ ከብቸኝነት ይጠበቅልኝ፤ አባባም በሰላም ያቆይሽ ብለው መርቀውሻል፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ።

ናፋቂሽ ታላቅ እህትሽ፣
አንቺ «ሬዲዮኗ» የምትዪኝ