ቆጣሪዬ የማይዞርበት ምክንያት

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ደምለው፣
የቢቸና የኃይል ቁጠባ አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና የኮሚቴው አባላት ጤናችሁ የተሟላ፣ መብራታችሁም የማይቋረጥ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ፣ ሠላሳ ዓመት በጸሐፊነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁት ባንቺዓለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ።

በከተማችን ከሁሉ ያነሰ መብራት የሚቆጥር ቤት የእኔ ሆኖ በመገኘቱ የ«አርአያ ቆጣቢ» የምስክር ወረቀት ሊሸልሙኝ መወሰንዎን በታላቅ አክብሮት ተረድቻለሁ። ቁጠባዬ ለአገር የኃይል ዋስትና ስላደረገው አስተዋጽኦ ልምድ እንዳካፍል ስላዘዙኝም፣ ዘዴዬን ሳልደብቅ አቀርባለሁ።

1. በቅድሚያ ባለቤቴ አቶ ከፋለ አረፉ። ቀኑን ሙሉ ሲያወራ የሚውለው ሬዲዮና ቅዳሜ ቅዳሜ ሸሚዛቸውን የምተኩስበት ካውያ በአንድ ቀን ተቆጠቡ።

2. ቀጥሎ ልጄ ሰብለ ወንጌል ሞጣ በመምህርነት ተቀጥራ ሄደች። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ መምጣት ስላልቻለች፣ የክፍሏ አምፖል ሳይበራ ሁለት ዓመት አለፈው።

3. ለአንድ ሰው ወጥ መሥራት ያስጠላል። በሦስት ቀን አንዴ ሠርቼ ሳላሞቅ እበላለሁ፤ ምድጃውም አረፈ። ይህን ማንም ሊለምደው ይችላል፣ የሚከብደው የመጀመሪያው ሰሞን ነው።

የቀረውን ቁጠባ የፈጸማችሁልኝ እናንተ ናችሁ። ፈረቃ ብላችሁ በሳምንት አራት ቀን መብራቱን በማጥፋት ስላገዛችሁኝ ምስጋናዬ ወደር የለውም።

አሁን ወደ ልመናዬ ልለፍ። ስልኬ አርጅቶ ባትሪው አልይዝ ስላለ፣ የሚሠራው ሶኬት ላይ እንደተሰካ ብቻ ነው፤ የእሱ ዓይነት ባትሪ ደግሞ ከገበያ ጠፍቷል። ልጄ የምትደውልልኝ እሑድ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ነው፤ ሌላው ቀን፣ ቅዳሜም ጭምር፣ እስከ ማታ ሥራ ላይ ናት። ፈረቃችሁ እሑድን ከያዘ ወዲህ ድምጿን ሳልሰማ አምስት እሑድ አለፈኝ። ደህና ትሁን አትሁን አላውቅም። የቆጠብኩት ኃይል የት እንደገባ አልጠይቅም፤ ከዚያ ላይ በሳምንት አንዲት ሰዓት ብቻ እንዲመለስልኝ እለምናለሁ። ልጄ ናፍቃኛለች፣ ሌላ ነገር የለኝም።

ለከተማችን ቁጠባ ሲደክሙ የሚውሉትን እርስዎን እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና አይንፈግዎ እያልኩ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
ባንቺዓለም፣ ከቢቸና

ሳልረሳው፦ የሽልማቱ የጥሪ ወረቀታችሁ እሑድ በስምንት ሰዓት «ከነቤተሰብዎ በአዳራሻችን ይገኙ» ይላል። መብራት ካለ ቤተሰቤ የምትደውለው በዚያው ሰዓት ነውና ከሶኬቱ አጠገብ ንቅንቅ አልልም። አዳራሹ ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ካዩኝ ግን፣ መብራቱ መጥፋቱን ከእኔ ይረዱ።