ስምንት ሥዕል፣ ዘጠኝ በር

ለተከበሩ አቶ ዳኛቸው
«አጥር ያልለያቸው» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም፣ በአዳራሹ የፊት ወንበር የሚቀመጡት የኮሚቴ አባላትም እንዴት ከርማችኋል? የዘንድሮው ውርጭ ጉልበትዎን እንዳይዳፈረው፣ ድምፅዎም ለቅዳሜው ንግግር እንዳይዘጋ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ጧፍ፣ ጃንጥላ፣ ማዕተብና የቅዱሳን ሥዕል የምሸጠው ጌጡ ነኝ። በፊልምዎ ውስጥ «የአብሮነት ተምሳሌት» የሚል ጽሑፍ ከደረቱ በታች የተጻፈለት ሽማግሌ ማለት ነው፤ ስለዚህ ራሴን ከዚህ በላይ ባስተዋውቅ የፊልሙን ሥራ መሻማት ይሆንብኛል።

ባለፈው ሐሙስ ፊልሙን ከሕዝብ አስቀድማችሁ ስላሳያችሁኝ እጅግ አመሰግናለሁ። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ፣ እንዳይምታታብኝ በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

፩. ከሰማይ ላይ ሆና ስለተቀረጸችው ከተማችን አመሰግናለሁ። ሠላሳ ዓመት የነገድሁባትን ከተማ ያን ያህል ጸድታ አይቻት አላውቅም። ከዚያ ከፍታ ሲታይ፣ የልብስ ሰፊው የሬድዋን ሱቅ የተቃጠለበት ባዶ ቦታ እንኳ ከአካባቢው ጣሪያ አይለይም። ይህ የካሜራው ጠባይ እንጂ የእናንተ ምርጫ እንዳልሆነ ለማመን እየጣርሁ ነው።

፪. ከሦስት ዓመት በፊት ሱቁን ያቃጠሉትን፣ ሬድዋንንም ሙስሊም በመሆኑ ብቻ የደበደቡትን ሰዎች፣ ተራኪው «ከሌላ አካባቢ የመጡ ማንነታቸው ያልታወቀ ግለሰቦች» ብሎ ስለገለጻቸው አመሰግናለሁ። ተራኪው ትክክል ነው። ፊታቸውን አይቻለሁ፤ ለአንዳቸውም ጧፍ ሸጬ አላውቅም። ታዲያ ከሌላ አካባቢ ከመጡ፣ ዘጠኝ ሱቅ በተደረደረበት፣ የሁሉም በር አንድ ዓይነት አረንጓዴ ቆርቆሮ በሆነበት መንገድ ላይ፣ ታፔላ እንኳ ያልነበረው የሬድዋን ሱቅ የትኛው እንደሆነ ማን ነገራቸው? ፊልሙ አርባ ደቂቃ ሲሄድ ይህን አንድ ጊዜም አይጠይቅም። ተመልካቹን ስላላስጨነቃችሁት እሱም ሳያመሰግናችሁ አይቀርም።

፫. መልሱን እኔ ሰጥቻችሁ ነበር። ለዳይሬክተሩ አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ተናግሬ፣ ማስታወሻ ደብተሬንም ገልጬ አሳይቼዋለሁ። ሱቅ ስዘጋ የዋልሁበትን መጻፍ የቆየ ልማዴ ነው። በፊልሙ ላይ የደብተሩ ሽፋን ከእጄ ጋር፣ ክራር እየተመታለት፣ ስድስት ሰኮንድ ያህል ይታያል። ሽፋኑ በማማሩ ደስ ብሎኛል። ውስጡ ግን ስላልታየ እዚህ ልገልብጠው፦

«ታኅሣሥ ፲፮። ጠዋት ከባድ ውርጭ። ሦስት ሰዓት ላይ ከመናኸሪያ በኩል ሰው ተሰብስቦ የሙስሊም ሱቅ እየፈለገ ነው የሚል ወሬ ደረሰኝ። የእኛን በር ከሩቅ እንዲያውቁት ብዬ የቅዱስ ገብርኤልን ሥዕል ከመደርደሪያ አወረድሁ። ከራሴ በር ጀምሬ በየሱቁ ለጠፍሁ። ድስት ሻጯ ጎረቤቴ ‹ፈጠን በል እንጂ አንተ! በደንብ ለጥፈው፣ ነፋስ እንዳይወስደው› ትለኛለች። ስምንት ሥዕል ሄደ። ሬድዋን ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ቆሞ፣ ‹ለእኔስ አይደርሰኝም እንዴ፣ አያ ጌጡ? ወይስ ለልብስ ሰፊ አይሆንም?› አለኝ። ሳቅሁ። አለፍሁ። አምስት ሰዓት ላይ መጡ። ስምንቱን በር አልነኩም።»

ክቡር ሆይ፣ ይህን ያደረግሁት ማንም አዝዞኝ አይደለም። ለሬድዋን ያልሰጠሁትም ጠልቼው አይደለም፤ የምሸጣቸውን የካህናት ካባዎች ጠርዝ ሲሰፋልኝ የኖረ ሰው ነው። በሙስሊም በር ላይ ሥዕሉን ቢያገኙት ይብስባቸዋል፣ ንዴታቸውም ወደ እኛ ይተርፋል ብዬ በርጋታ አስቤ ነው። ወሬውንም ያልነገርሁት፣ ቢደናገጥና ቢሮጥ መንገዱ ሁሉ ይረበሻል ብዬ ነው። ነጋዴ ነኝና ጉዳት የት እንደሚወድቅ አስቀድሜ አያለሁ። ባየሁበት ቦታም ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ሬድዋን የቀኝ እጁ ተሰብሮ፣ ባለቤቱ ሐሊማ እየደገፈችው በጓሮ አጥር በኩል ወደ እኔ ገቡ፤ ከጃንጥላ ካርቶኖች ጀርባ ደበቅኋቸው። ይህም እውነት ነው። ፊልማችሁ የሚናገረው ይህን ብቻ ነው። ሰዎቹ የእኔን ቤት ያልፈተሹት ለምን እንደሆነ ግን ከላይ ካነበቡት ይረዱታል።

፬. አሥራ አንዱን ደቂቃ ቆርጣችሁ ስላወጣችሁልኝም አመሰግናለሁ። ዳይሬክተሩ ትሑት ወጣት ነው፤ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ተመልካቹን ግራ ያጋባዋል፤ ጀግናው ማን እንደሆነ ይጠፋዋል» አለኝ። እርስዎም በስልክ «የሻረ ቁስል አንነካካ» ብለው ለክብሬ ማሰብዎን ገለጹልኝ። ቁስሉ በማን እጅ ላይ እንዳለ፣ መሻሩንስ ማን አይቶ እንደመጣ አልጠየቅሁዎትም። ያን ጊዜ ዝም በማለቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ነገር ግን ፊልሙ ከቅዳሜ በኋላ በየትምህርት ቤቱ ይታያል ተብሏል፤ ዓላማውም ተማሪዎች ጥላቻ እንዴት እንደሚጀምር አውቀው እንዲከላከሉት ነው። መልካም ዓላማ ነው። እስቲ አንድ ክፍል ተማሪ እናስብ። ከመካከላቸው ወደፊት ክብሪት የሚጭር ቢኖር አንድ ነው፤ እሱም ፊልም አይቶ የሚተው አይመስለኝም። ሥዕልና ሙጫ ይዞ የራሱን በር የሚለየው ግን ብዙ ነው። እሱ በፊልሙ እሳቱን ሲያይ «እነዚህ አረመኔዎች» ብሎ ደንግጦ፣ ራሱን ንጹሕ አድርጎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔም ሐሙስ ዕለት ያንኑ እሳት ሳይ፣ ለአንድ አፍታ፣ ራሴን እንደዚያ ቆጥሬው ነበር። ፊልማችሁ ይህን ያህል በደንብ ተሠርቷል። ራሱን የሚያውቀውን ሰው እንኳ ነጻ ያወጣል።

ጥፋቱን ሁሉ ወደ እናንተ ገፍቼ እንዳልሄድ ደግሞ ደብተሬ አይፈቅድልኝም። ሬድዋን ሱቁን ካጣ በኋላ ወደ እብናት ሄዶ ተቀመጠ። በሦስት ዓመት ውስጥ ለእህልና ለማር ስንት ጊዜ እብናት ተመላልሻለሁ፤ በሱቁ ደጅም አልፌ፣ ሰላም ብዬ፣ ሻይ ጋብዞኝ ጠጥቻለሁ። ወሬውን ቀድሜ ሰምቼ እንደነበር ግን አልነገርሁትም። ካሜራችሁ ሲመጣ ደስ ያለኝም ለዚህ ነበር። እሱ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ከፊልሙ ይስማው፣ እኔም ፊቱን ሳላይ ይለፍልኝ ብዬ ነው አሥራ አንድ ደቂቃ የተናገርሁት። እናንተ ስትቆርጡት ያን መንገድ ዘጋችሁብኝ፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ። ከምስጋናዎቼ ሁሉ ይህኛው ያለ ሽሙጥ የቀረበ ነው።

ስለዚህ ትናንት ወደ እብናት ወረድሁ። ሬድዋን አሁን ጨውና በርበሬ ይሸጣል፤ የቀኝ እጁ ጣቶች ስለማይታጠፉ በግራው ነው የሚሰፍረው። ሐሊማም አጠገቡ ነበረች። ደብተሩን አውጥቼ ገጹን አነበብሁላቸው። ስጨርስ፣

«መምጣታቸውን ያውቁ ነበር?» አለኝ።

«አውቅ ነበር» አልሁት።

«እኔኮ ለገብርኤል ንግሥ መስሎኝ ነው» አለ፤ በዓሉ በሦስተኛው ቀን ነበርና። «ብቻ ያ ሁሉ ሰው ሲቻኮል ልቤ ጠርጥሮ፣ ፊትዎን ልይ ብዬ ነው የቀለድሁት። አንቱ ሳቁ። አያ ጌጡ ከሳቁ ምንም የለም ብዬ ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስሁ።»

ወትሮ እስከ መኪናው ድረስ ሳይሸኘኝ የማይቀረው ሰው ከተቀመጠበት አልተነሣም። እኔም እንዲነሣ አልጠበቅሁም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ቅዳሜ በሚደረገው ምረቃ ሬድዋን በሕዝብ ፊት ጋቢ እንዲያለብሰኝ ፕሮግራም ይዛችኋል። በዚያ በማይታጠፍ እጅ መሆኑን አስባችሁበት እንደሆነ አላውቅም። ልመናዬ አንድ ነው፦ የቆረጣችሁትን መልሱት። ጊዜው ያጥራል ካላችሁ ከሰማይ የተቀረጸውን ቀንሱት። ባትመልሱት ግን ጋቢውን አልለብስም፤ የተዘጋጀልኝም ወንበር ባዶ ይሆናል። ደብተሬን ይዤ አዳራሹ በር ላይ እቆምና፣ ለሚገባው ሁሉ ያቺን ገጽ አነባለሁ። ድምፄ እንደ ተራኪያችሁ ያማረ አይደለም፤ ይሰማል ግን።

ላሳያችሁኝ አክብሮት፣ ለሠራችሁልኝ መልክ፣ ለለገሳችሁኝ የማይገባኝ ስም ደግሜ እያመሰገንሁ፣ ለሥራዎ መቃናትን፣ ለኮሚቴው ረጅም ዕድሜን፣ ለሁላችንም የሚያይ ዓይንን እመኛለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ፣ የፊልምዎ ጀግና፣ የዚያ መንገድ ሥዕል ለጣፊ
ጌጡ ዓለሙ

የተረሳ መልእክት፦ ሐሊማ የላከችኝን ላድርስ። በፊልሙ ማብቂያ ላይ ካሜራው ፊቷን አቅርቦ ሲያሳያት «አያ ጌጡ ለእኛ ከወንድም በላይ ናቸው» ትላለች። ያን የተናገረችው ሳታውቅ በመሆኑ፣ ከፊልሙ እንዲወጣላት ትጠይቃለች። ነገሩ ከአራት ሰኮንድ አይበልጥም። አሥራ አንድ ደቂቃ መቁረጥ ያልከበዳችሁ ሰዎች ይህቺን እንደማትነፍጓት አረጋግጬላታለሁ።